ጥሪ የወጣበትን የላፕቶፕ ባትሪ ሲያስተኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ወዳለችው የኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ቅሬታ «ባትሪው አይዝም» የሚል ሲሆን፣ ባትሪው በአምራቹ ይመለስ ተብሎ የተጠራ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ አካባቢ ዩዝድ የገዛሁት ላፕቶፕ ባትሪ ከተጠሩት መካከል መሆኑን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነበር፤ ተተኪው እጄ እስኪገባ ድረስም ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ሦስቱን ራሴ ፈጽሜአለሁ።

ጥሪ፣ ወይም ነጋዴው እንደሚለው ሪኮል፣ አምራቹ በሸጠው ዕቃ ላይ ለሰው ደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲያገኝ ዕቃውን ያለ ክፍያ ለመተካት ወይም ለመጠገን በይፋ የሚያወጣው ማስታወቂያ ነው። መብቱ ግልጽ ቢሆንም፣ ከከተማው ዳር ለሚኖር፣ ላፕቶፑንም ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ ለገዛ ሰው መንገዱ ብዙ መሰናክል አለው።

ያረጀውንና የተጠራውን ማምታታት

አዲስ ሳለ አራት ሰዓት ያሠራ የነበረ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግማሽ ሰዓት ቢጠፋ፣ ይህ የሊቲየም አዮን ባትሪ ጠባይ እንጂ አምራቹ የሚጠየቅበት ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ በእርጅና የደከመ ባትሪ ይዞ «ይተካልኝ» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። የባሰው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የተጠራ ባትሪ ቻርጅ በደንብ የሚይዝ፣ ያላበጠ፣ የማይግል፣ ባለቤቱም የሚያመሰግነው ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ ነውና። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ዴል 4.1 ሚሊዮን፣ አፕል ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ባትሪዎችን የጠሩት፣ ሶኒ ባመረታቸው ሴሎች፣ ማለትም በባትሪው ውስጥ በተደረደሩት ትናንሽ የኃይል መያዣዎች፣ ውስጥ በምርት ወቅት ደቃቅ የብረት ብናኝ ገብቶ በመገኘቱ ነበር። በሴል ውስጥ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ክፍል የሚለያየው ስስ ፕላስቲክ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር ያነሰ ነው፤ ብናኙ ይህን ከበሳው ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ለውስጥ ይነካካሉ፣ ሴሉ ይግላል፣ ሙቀቱም አጠገቡ ወዳለው ሴል እየተላለፈ ራሱን በራሱ የሚያቀጣጥል ቃጠሎ ይሆናል። በዚህ ምክንያት «የእኔ አላበጠም፣ ደህና ነው» የሚለው መልስ ምንም አያረጋግጥም። ያበጠ ባትሪ ግን ጥሪ ወጣበትም አልወጣበትም በዚያው ቀን ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

ቁጥሩን ከተሳሳተ ቦታ መውሰድ

እኔ ሁለት ሳምንት ያባከንኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ጥሪ የሚወጣው በተወሰነ ጊዜ በተመረቱ ባትሪዎች ላይ እንጂ «ኤችፒ» ወይም «ሌኖቮ» በሚል ስም ላይ አይደለም፤ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ላፕቶፖች የአንዱ ባትሪ ተጠርቶ የሌላው ላይጠራ ይችላል። የሚጣራው ቁጥርም ከጥሪ ጥሪ ይለያያል። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2016 የጠራቸው፣ ፓናሶኒክ የሠራቸው ባትሪዎች የሚለዩት «ጂ71ሲ» ብሎ በሚጀምር የክፍል ቁጥር ነበር። ኤችፒ በዚያው ዓመት የጠራቸው በባትሪው ላይ ባለው የባርኮድ ቁጥር የመጀመሪያ ፊደላት ሲለዩ፣ አፕል በ2019 ያወጣው ጥሪ የሚጣራው ደግሞ በኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው የባትሪውን ቁጥር ይጠይቅ ወይም የኮምፒውተሩን፣ ያንን ሳይለዩ ቁጥር መጻፍ መጀመር አይገባም።

በእኛ ገበያ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ዩዝድ ተብሎ የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ኮምፒውተር የተገጣጠመ ነው፤ ክዳኑ ከአንዱ፣ ማዘርቦርዱ ከሌላው፣ ባትሪው ከሦስተኛው ሊሆን ይችላል። እኔ ከላፕቶፑ ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ቁጥሩን ገልብጬ ለአምራቹ በላክሁ ጊዜ የመጣልኝ መልስ ጥሪው አይመለከትዎትም የሚል ነበር። በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር ሳየው ከተለጣፊው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ የሥሩ ክዳን የሌላ ላፕቶፕ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ሦስቱንም እመለከታለሁ፦ ከሥር ያለውን ተለጣፊ፣ የባዮሱን ቁጥርና በባትሪው በራሱ ላይ የታተመውን። ሦስቱ ካልተስማሙ ለአደጋ ጉዳይ ወሳኙ የባትሪው ነው፤ የሚቃጠለው እሱ ነውና። ኮምፒውተሩ ከጥሪው ውጭ ሆኖ ሳለ ከሌላ ተነቅሎ የተገጠመለት ባትሪ የተጠራ የሆነበትን አጋጣሚም አይቻለሁ።

ቁጥሩን በእጅ ሲገለብጡ ኦ የሚለው ፊደል ከዜሮ፣ ቢ ከ8፣ ኤስ ከ5 ጋር በቀላሉ ይምታታል። በስልክ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት ይሻላል። ወረቀቱን ከባትሪው ልጦ ኪስ ውስጥ መክተት ግን የመብት ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

የእኛን ዘመን አቆጣጠር በፈረንጅ ቅጽ ላይ መጻፍ

ይህ ስህተት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በቅጽ መሙላት ሥራዬ ደጋግሜ የማርመው ነው። የአፕል ጥሪ የሚመለከተው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 የተሸጡትን የ2015 አጋማሽ ሥሪት፣ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ኮምፒውተሮች ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከ2008 መጀመሪያ እስከ የካቲት 2009 ገደማ ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ «ታኅሣሥ 2008» የሚል ያነበበ ሰው ያንኑ 2008 በአምራቹ የመጠየቂያ ቅጽ ላይ ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ከመፈጠሩ ከዓመታት በፊት ገዛሁ ማለቱ ነውና ጥያቄው ውድቅ ቢሆን አይገርምም። ሌላው የሚዘነጋ ነገር፣ በማስታወቂያው ላይ የሚጠቀሰው የሽያጭ ጊዜ ዕቃው መጀመሪያ የተሸጠበት እንጂ እርስዎ አዲስ አበባ ላይ ከሦስተኛ እጅ የገዙበት ቀን አለመሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት የገዙት ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በነበረ ጥሪ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አንዴ አጣርቶ መተው

ጥሪዎች ይሰፋሉ። ኤችፒ በጁን 2016 ወደ 41 ሺህ የሚጠጉ ባትሪዎችን ከጠራ በኋላ በጃንዋሪ 2017 ሌሎች 101 ሺህ ጨምሮባቸዋል፤ በ2018 መጀመሪያ 50 ሺህ ያህል ከጠራ በኋላም በሚቀጥለው ዓመት 78,500 አክሏል። ሌኖቮም በ2014 ያወጣውን የቲንክፓድ ጥሪ በ2015 አስፍቶታል። መጀመሪያ ላይ «የእርስዎ ከጥሪው ውጭ ነው» የተባለ ባለቤት ዝርዝሩ ሲሰፋ እንደገና ማጣራት ነበረበት ማለት ነው።

«ደረሰኝ የለኝም፣ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መቅረት

ከዱባይ በሻንጣ የገባ፣ ከወንድም የተወረሰ ወይም ከጓደኛ የተገዛ ላፕቶፕ ያለው ሰው በአብዛኛው ሳይጠይቅ ይቀራል። የዋስትና ጊዜ ማለፉም እንደ ምክንያት ይነሳል። ነገር ግን ዋስትናና ጥሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዋስትና የሚጠየቀው ስለ ግዢው ውል ሲሆን፣ ጥሪ ግን የሚከተለው አደገኛውን ዕቃ ራሱን ነው፤ ዕቃውን ማን እንደያዘው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ዋናው ማጣሪያ ቁጥሩ ስለሆነ ደረሰኝ ቢኖር ይጠቅማል፤ ባይኖር ግን ጥያቄውን ከማቅረብ አያግድም። ተተኪው ነፃ በመሆኑም «ለምዝገባ» ወይም «ለማስፈቀጃ» እያለ በቴሌብር ገንዘብ እንዲልኩለት የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉ።

«መብራት ሲጠፋ ብቻ» እያሉ መጠቀም

የእኔ ሁለተኛው ጥፋት ይህ ነበር፤ በከተማው ዳር ያለነው ሁሉ የምንወድቅበትም ይመስለኛል። ባትሪያቸው የሚነቀል ላፕቶፖችን በሚመለከቱ ጥሪዎች የሚሰጠው መመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ተተኪው እስኪመጣ በቻርጀሩ ብቻ መሥራት ነው። ይህ መብራት ለማይቆራረጥበት አገር የተጻፈ ምክር ነው። እዚህ አካባቢ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሃያ ገጽ ተጽፎ መብራት ሲሄድ፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ባትሪ ዓይን ዓይን ያያል። እኔም «ለአንድ ሰዓት ብቻ» እያልኩ መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ያ አንድ ሰዓት እየተደጋገመ ወር ሞላው። ይሁን እንጂ የውስጥ ጉድለት ያለበት ሴል ሰዓት አይመርጥም፤ ከሁሉም የሚያሰጋው ደግሞ መብራት ሲመለስ ባዶ የሆነውን ባትሪ እንደገና ስንሞላው ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ አነስተኛ ዩፒኤስ ፋይሉን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙንም በየሁለት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ መንቀልና ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሰካት፣ ባትሪ ለሌለው ላፕቶፕ ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ መመሪያው ይለያል። አፕል በ2019 ጥሪው ባለቤቶች ኮምፒውተሩን ጨርሶ መጠቀም እንዲያቆሙ ሲጠይቅ፣ ኤችፒ በ2018 ጥሪው የባዮስ ማሻሻያ አውጥቶ ነበር፤ ማሻሻያው ባትሪውን ባዶ አድርጎ እንዳይሞላ ይዘጋዋል፣ ላፕቶፑም በቻርጀር ብቻ ይሠራል። ይህን ማሻሻያ የጫነ አንድ ደንበኛ «ባትሪዬን ገደሉት» ብሎ እየተበሳጨ መጥቶ ነበር፤ የተደረገለት ግን ጥበቃ ነው። ማሻሻያውን የሚሽር ባለሙያ መፈለግ የለበትም።

በካቻቪቴ ራስን መርዳት

ከውስጥ የተገጠመን ባትሪ በቤት ውስጥ መፍታት አይመከርም። አንዳንዶቹ በማጣበቂያ ከአካሉ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በካቻቪቴ ፈልቅቆ ለማንሳት ሲሞከር ሽፋኑ ይበሳል፣ ብናኙ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት እጃችን ያደርሰዋል። አምራቹ ከሚያውቀው የጥገና ማዕከል ውጭ ያልተፈታ መሆኑም ተተኪውን ለማግኘት ይረዳል። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሥራ ግን አይስጡት።

የከተማው ዳር አድራሻን እንደልማድ መጻፍ

ሦስተኛው ስህተቴ የአድራሻ ነበር። «ቱሉ ዲምቱ፣ ሳይት፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር» ብዬ ስጽፍ ለጎረቤቴ በቂ የሆነው አድራሻ ለዕቃ አመላላሽ ምንም አልነገረውም። በቅጹ ላይ ስልክ ቁጥር ሲሞላ የአገሩ ቁጥር 251 ከተጻፈ በኋላ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ መቅረት አለበት፤ እኔ ሁለቱንም በመጻፌ ሲደወልልኝ አልገባም ብሎ ኖሯል። የሚሻለው አድራሻው በማይቀየር ሰው ስም የተያዘ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ወይም መሐል ከተማ ያለ የመሥሪያ ቤት አድራሻ መስጠት ነው። ሌላ አማራጭ ከሌለ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጀምሮ በአጭሩ ማመልከትና ሁለት ስልክ ማስመዝገብ ይገባል። በቅጹ ላይ አገር ሲመረጥ «ፈጥኖ ይመጣል» ብሎ አሜሪካን መምረጥም ሌላ ችግር ይወልዳል፤ ጥያቄው የሚስተናገደው በመረጡት አገር አሠራር ነውና።

መዘግየቱ ደግሞ ምክንያት አለው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት አይጫንም፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም የያዘው ኃይል ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ባትሪው እንደ መጽሐፍ ጥቅል በማግሥቱ ባይደርስ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። አምራቹ በነፃ የላከው መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አትሞ መያዝ ግን በጉምሩክ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ ይሆናል።

የተጠራውን ባትሪ በሰው እጅ መላክ

ዘመድ ውጭ አገር ያለው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ይህን ነው። አንዲት ደንበኛዬ የእህቷ ልጅ ለበዓል መጥቶ ሲመለስ የተጠራውን ባትሪ በሻንጣው ይዞላት እንዲሄድ፣ እዚያም ለውጦ በሚቀጥለው መንገደኛ እንዲልክላት ተስማምታ ነበር። ሐሳቡ የዘመድ ቢሆንም የተከለከለ ነው፤ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ አምራቹ ለደኅንነት አስጊ ብሎ የጠራው ባትሪ በጭነትም ሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይጓዝም፣ በላፕቶፑ ውስጥ ተገጥሞ ቢሆንም። አሮጌው ባትሪ የሚመለሰው አምራቹ ራሱ በሚያዘው መንገድ ብቻ ነው።

አዲሱን ተተኪ በመንገደኛ ማስመጣት ግን ይቻላል። ትርፍ ባትሪ መያዝ ያለበት በእጅ ሻንጣ ሲሆን፣ ወደ ጭነት ከሚገባው ሻንጣ ውስጥ መገኘት የለበትም፤ የብረት መነካኪያዎቹም በናስትሮ ይሸፈኑ ወይም በየራሱ ከረጢት ይሁን። የባትሪው ኃይል ከ100 ዋት ሰዓት የማይበልጥ ከሆነ የአየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው ግን ይጠየቃል። በባትሪው ላይ ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 11.1 ቮልት፣ 4400 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ 49 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ለቆራሌው መስጠት፣ ገንዳ ውስጥ መጣል

መልሱ ሳይመጣ አሮጌውን መጣል ሁለት ጥፋት ነው። የመጀመሪያው፣ አምራቹ የባትሪውን ቁጥር ወይም ባትሪውን ራሱን ሊጠይቅ ስለሚችል ተተኪውን ያስቀራል። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን የሌላ ሰው ደኅንነት ነው። ገንዳ ውስጥ የተጣለ ባትሪ በቆሻሻ መኪና ይጨፈለቃል፤ ቆሼ ደግሞ ሰዎች በእጃቸው እየለቀሙ የሚተዳደሩበት ቦታ ነው። ለቆራሌው የተሰጠ ባትሪ ተፈልቅቆ ሴሎቹ በሌላ ሽፋን «ኦሪጅናል» ተብለው ወደ ገበያ ሊመለሱ ይችላሉ። ለጊዜው ብሎ ከገበያ የሚገዛ ርካሽ ኮፒ ባትሪም ከየት ተፈልቅቆ እንደመጣ አይታወቅምና አልመክረውም።

እስከዚያው ሲቀመጥ መነካኪያዎቹን በናስትሮ ሸፍኖ፣ አሸዋ ባለበት የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ጥግ ማኖር ጥሩ ነው። አልጋ ሥር፣ ከሲሊንደር አጠገብ ወይም የጋራ ደረጃ ላይ አይቀመጥም። ከተገጠመበት ሳይወጣ ማጨስ ከጀመረ ጭሱን ሳይስቡ ሰዎችን ማስወጣትና በ939 የእሳት አደጋ መከላከያን መጥራት ይቀድማል። ከቻርጀሩ ከተለያየ በኋላ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይቻላል፤ ውኃ ያባብሰዋል የሚባለው ለላፕቶፕ ባትሪ አይሠራም፣ ሴሎቹን አቀዝቅዞ ወደ ቀሪዎቹ እንዳይዛመት ያደርጋልና።

አዲሱን ተቀብሎ ሳያዩ መግጠም

ተተኪው ሲደርስ ቁጥሩን ከአሮጌው ፎቶ ጋር ማነጻጸር፣ ቮልቱ ተመሳሳይ መሆኑን ማየት፣ ከዚያም በቀን፣ ሰው ባለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ ማድረግ ያስፈልጋል። በከፊል ባዶ ሆኖ ቢመጣ ያገለገለ ነው ማለት አይደለም፤ የ30 በመቶው ደንብ ነው። ኤችፒ ላይ የጥበቃው ማሻሻያ ተጭኖ ከነበረና አዲሱ ባትሪ ተገጥሞም ካልሞላ፣ የገጠመው ባለሙያ ጥበቃው መነሣቱን እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ። የጥያቄዎን መዝገብ ቁጥርና የተጻጻፉትን ሁሉ ደግሞ አሮጌው ባትሪ ከእጅዎ ወጥቶ ማን እንደተረከበው እስኪያውቁ ድረስ አያጥፉ።